እንሶስላ ከኛ ገደል ጠፋ፣ እናንተ ጋ አለ?

የባንጃዋ

ሰላም እንዴት ናችሁ። ለአዲስ ዓመት ቤተሰብ ጋ እንጅባራ ገብቼ ነበር፣ አንድ ነገር ሆዴን ሲበላኝ ሰንብቶ ነው የምጽፈው። ልጆች ሆነን ከቤታችን ዝቅ ብሎ ያለው ገደል ውስጥ ወርደን እንሶስላ እንቆፍር ነበር፣ ጥላ ያለበት ውሃ የሚያንጠባጥብበት ቦታ ስለሆነ ቁመቱ ከኛ ይበልጣል፣ ነጭ አበባው መሸት ሲል እስከ አጥራችን ድረስ ይሸተን ነበር፣ የደረሰ ፍሬውን ነካ ስታደርጉት ጣት ላይ ፍንድት ብሎ ዘሩ ይበተናል፣ እሱ ብቻ ግማሽ ቀን ያጫውተን ነበር። እናቴ ሥሩን አጥባ ትወቅጠውና መዳፋችንን፣ ጥፍራችንን፣ የእግራችንን ዙሪያ ትቀባናለች፣ በጉሎ ቅጠል ጠቅልላ በጨርቅ ታስረዋለች፣ እጃችን እንደታሰረ እሷው እያጎረሰችን እንተኛለን። ጠዋት ሲፈታ የማን ቀለም ደመቀ ብለን እጅ ለእጅ እናስተያያለን።

ዘንድሮ ለእህቴ ልጅ ላድርግላት ብዬ መቆፈሪያ ይዤ ወረድኩ፣ አንድ እግር የለም። ላይ ታች ብዬ ፈልጌ እጄን በሳማ አስበልቼ ተመለስኩ። እናቴ እንደ ቀላል ነገር «እሱማ ካለቀ ቆየ፣ አሁን ከገበያ ነው የምንገዛው» አለችኝ። ገበያ ሄጄ ያገኘሁት ደግሞ ከጣት የማይወፍር ሥር ነው፣ እኛ የምናውቀው እንደ ድንች ድፍን ያለውን ነው።

እና ይሄ ተክል በሕግ የተጠበቀ ነገር ነው ወይ? ሊጠፉ ነው ተብለው ከተመዘገቡት ውስጥ አለበት? የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። እናንተስ ጋ አለ?

ለምለም ዘጎንደር

እህቴ ሆዴን አባባሽው። እኛ ጋ አለ ግን የት መሰለሽ ያለው፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ካለው ደን ነው የቀረው። ከአጥሩ ውጪ ባለው ወንዝ ዳር የለም፣ ሁሉም ማሳ ሆኗል፣ ከብቱም ገብቶ ረጋግጦታል። ግቢ ውስጥ መቆፈር ስለማይፈቀድ አባቶች ይቆጣሉ፣ ለዛ ነው የተረፈው።

አቤል 21

እኛ ጋ ሞልቷል ምን ይጠፋል፣ አዲስ አበባ እንጦጦ ስትወጡ መንገድ ዳር ትንንሽ ሮዝ አበባ ያለው ጉርሽጥ የሚሉት አለ አይደል፣ ፎቶም አለኝ አሁን እለጥፋለሁ

የዕፅዋት ተማሪ

አቤል ፎቶህን አየሁት፣ አመሰግናለሁ ግን እሱ እንሶስላ አይደለም። ወገናቸው አንድ ነው፣ ሁለቱም ኢምፓሸንስ ናቸው፣ ፍሬያቸውም ሲነካ ይፈነዳል። ያንተ ትንሹ ነው፣ አበባው ሮዝ፣ ቁመቱ ከጉልበት ብዙም አያልፍም። ቀላ ያለ አበባ ያለውና ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ የሚበቅል ኢምፓሸንስ ሮቲ የሚባልም አለ፣ እሱንም ብዙ ሰው ጉርሽጥ ነው የሚለው። እንሶስላ ማለት ኢምፓሸንስ ቲንክቶሪያ ነው፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊደርስ ይችላል፣ አበባው ትልቅ ነጭ፣ ጉሮሮው ውስጥ ወይንጠጅ አለው፣ ከኋላው ረጅም ቀጭን ጭራ አለው። ጭራው ውስጥ ነው ማሩ ያለው፣ ምላሱ ረጅም የሆነ ትልቅ የእሳት እራት ማታ መጥቶ ይመጠዋል፣ የባንጃዋ ማታ ማታ ይሸተን ነበር ያልሽው ለዚህ ነው፣ አበባው የሚጠራው እንግዳ የማታ ስለሆነ ነው።

ይሄን የማነሳው ለእርማት ብቻ አይደለም። «ሞልቷል» የሚል ወሬ የሚመጣው ከዚህ ነው፣ ሦስት ዓይነት ተክል በአንድ ስም እየጠራን ትንሹ መንገድ ዳር ስለበዛ ትልቁም ያለ ይመስለናል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ዓለም አቀፉ ቀይ መዝገብ የሚባለው ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ሥራ ነው፣ ሕግ ግን አይደለም፣ ማንንም አይከለክልም፣ የአንድን ዝርያ የመጥፋት ስጋት መዝኖ ደረጃ ይሰጣል እንጂ። ሚዛኑም ዝም ብሎ በግምት አይደለም። ለምሳሌ በአስር ዓመት ወይ በሦስት ትውልድ ውስጥ (ረጅሙ ይወሰዳል) ቁጥሩ ቢያንስ በ30 በመቶ ከቀነሰ «ተጋላጭ»፣ 50 ከሆነ «ለመጥፋት የተቃረበ»፣ 80 ከሆነ «እጅግ የተቃረበ» ይባላል። ሌላው ሚዛን ተክሉ ያለበት ስፋት ነው፣ የመጨረሻው ከባድ ደረጃ የሚገባው ጠቅላላ ስርጭቱ ከ100 ካሬ ኪሎ ሜትር በታች ሲሆን ነው፣ እሱም ብቻውን አይበቃም፣ እየተቆራረጠና እየቀነሰ መሆኑ አብሮ መታየት አለበት።

እንሶስላ ከኛ ጀምሮ በኬንያና በኡጋንዳ አድርጎ እስከ ታንዛኒያና ምሥራቅ ኮንጎ ይደርሳል፣ አምስት ንዑስ ዝርያ ይቆጠርለታል። ስለዚህ በስፋት ሚዛን ብቻ ካየነው እንደ ዝርያ ከባድ ደረጃ ውስጥ የሚገባ ተክል አይደለም። ያንቺ ገደል ባዶ ሆኖ ሳለ በዓለም ደረጃ ምንም አልሆነም ሊባል ይችላል ማለት ነው። ሁለቱም እውነት ነው።

የባንጃዋ

እግዜር ይስጥልኝ። ግን ልክ አልመስል አለኝ። ታንዛኒያ አለ ማለት እኛ ጋ ምን ያደርግልናል? የኛ እናቶች ታንዛኒያ ሄደው አይቆፍሩ።

ሰናይት ሊድስ

የባንጃዋ አንቺ ያልሽውን ነገር እዚህ እንግሊዝ በዓይኔ ስላየሁት ልንገራችሁ፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ።

እኔ ያለሁት ሊድስ ነው፣ ዮርክሻየር። እዚህ ጫካ ውስጥ የሚበቅል የእመቤት ጫማ የሚሉት ኦርኪድ አለ፣ አበባው ቢጫ ሆኖ እውነትም ጫማ ይመስላል፣ ዙሪያውን ቡናማ የተጠማዘዘ ሪባን የመሰለ ነገር አለው። ድሮ በሰሜን እንግሊዝ የኖራ ድንጋይ ባለበት ጫካ በየቦታው ነበር፣ ያምራል ተብሎ ሰው እየቆረጠ እየሸጠው፣ ከነሥሩ እየነቀለ ጓሮው እየወሰደው፣ ሰብሳቢዎችም እየተሻሙበት በ1917 ጠፍቷል ተባለ። ከዛ በ1930 ዮርክሻየር ውስጥ አንድ እግር ተገኘ። አንድ ብቻ! ያገኙት ሰዎች ቦታውን ደበቁት፣ እስካሁንም ለሕዝብ አይነገርም፣ ሲያብብ ዘብ ይቆምለት ነበር። እንግዲህ ይሄው ተክል በዓለም ቀይ መዝገብ ላይ ምን ተብሎ እንዳለ ታውቃላችሁ? ስጋቱ ዝቅተኛ። ምክንያቱም አውሮፓንና እስያን ተሻግሮ በየሀገሩ አለ። እንግሊዞቹ ግን ሩሲያ አለ ብለው አልተዉትም፣ የሀገራቸውን ደረጃ ለብቻው አወጡ፣ የኪው ዕፅዋት ማዕከል በላብራቶሪ ዘሩን ማብቀል ጀመረ፣ ከ1989 ጀምሮ ችግኙን መልሰው ጫካ ተከሉ፣ ከተተከሉት የመጀመሪያው ያበበው በ2000 ነው። አስራ አንድ ዓመት ቆጥሩልኝ። የኦርኪድ ዘር ዱቄት ነው፣ በራሱ ስንቅ የለውም፣ አፈር ውስጥ የሚመግበው ፈንገስ ካላገኘ አይበቅልም፣ ለዛ ነው ልፋቱ።

ጌት ባሮውስ የሚባል የተጠበቀ ቦታ ላይ ለሕዝብ ይታያል፣ ግንቦት መጨረሻ አካባቢ ከልጆቼ ጋር ሄጄ አየሁት። ሰው ካሜራ ይዞ ሳር ላይ ተንበርክኮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው። እዛ ቆሜ ትዝ ያለኝ እንሶስላ ነው፣ እናቴ ለሠርጌ የቀባችኝ። እዚህ ደግሞ አንዳንድ ሰው ጓሮ ውስጥ እንሶስላን ራሱን ለአበባው ብሎ ይተክለዋል፣ ክረምታቸው ቅጠሉን ይገድለዋል፣ ሥሩን በገለባ ሸፍነው ያሳድሩታል፣ በጸደይ መልሶ ይወጣል። እንግሊዝ ጓሮ ውስጥ የሚያብብ ነገር ከእንጅባራ ገደል ሲጠፋ ያማል።

የገበሬው ልጅ

ሁሉም ቆፋሪ ላይ ጣት እንዳይቀስር ፈርቼ ነው። እኔ ፋግታ ለኮማ ነኝ፣ እዚህ ምን እንደሆነ አይቻለሁ። መሬቱ በሙሉ ዲከረንስ የሚሉት ከውጭ የመጣ የግራር ዓይነት ዛፍ ሆነ። ገበሬው ምን ያድርግ፣ አሲዳማ አፈር ላይ ገብስ ዘርቶ ከሚያገኘው ዲከረንስ ተክሎ በአራት በአምስት ዓመት ቆርጦ ከሰል አክስሎ የሚያገኘው ይበልጥበታል፣ እኔም ትምህርቴን የጨረስኩት በዛ ብር ነው አልክድም። ግን ወንዝ ዳር ድረስ ሲተከል ገደሉ ውስጥ የነበረው ሀገር በቀል ዛፍ ተቆረጠ፣ ጥላው ሄደ፣ ምንጩም ቀጠነ። እንሶስላ ደግሞ ፀሐይ ላይ አይሆንለትም፣ ግንዱ ውሃ ነው፣ ከሰዓት ፀሐይ ካገኘው ክንብል ይላል። ሴቶቹ ባይቆፍሩትም እኮ ጥላው ከሄደ ይሞታል።

የዕፅዋት ተማሪ

ትክክል ነህ ወንድሜ፣ ሁለቱም አብረው ነው የሚሠሩት። ቦታው ሲጠብ ድሮ አስር ገደል ላይ ይበተን የነበረው ቆፋሪ አንዱ ላይ ይከማቻል።

አቤል 21

አሁን ግን ልጆቹ ሁሉ ከሱቅ ሂና ነው የሚገዙት፣ እንሶስላን ማን ይፈልገዋል? ከተዉት በራሱ አይመለስም?

ለምለም ዘጎንደር

አቤልዬ ካልተፈለገ ማን ይጠብቀዋል? አባቶች ደኑን የሚጠብቁት ስለሚፈልጉት ነው። ልጆቻችን ስሙን ከረሱት ገደሉ ውስጥ ሲያዩት አረም ነው ብለው ያጭዱታል። ሂናም እኮ እኩል አይደለም፣ የእንሶስላ ቀለም ቀስ እያለ ነው የሚለቀው፣ ቆዳውንም ያለሰልሳል፣ እናቴ የተሰነጠቀ ተረከዝ በሱ ነው የምታክመው።

ጡረተኛው የደን ሰው

ልጆቼ እንደምን ዋላችሁ። በግብርና ባለሙያነት ጎጃምና ጎንደር ከሠላሳ ዓመት በላይ የሠራሁ ነኝ፣ ስልክ ላይ መጻፍ ስለሚያስቸግረኝ ስህተት ካለ ይቅርታ።

ለምለም ስለ ቤተ ክርስቲያን ደን ያለችው ትልቅ ነገር ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ደቡብ ጎንደር ላይ 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንቶ 168 የእንጨት ዝርያ ቆጥሯል፣ ኋላም ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ከሜግ ሎውማን ጋር ሆኖ ቀሳውስቱንና ምእመኑን አስተባብሮ አንዳንዶቹን ደኖች በድንጋይ አጥር እንዲታጠሩ አድርጓል፣ ድንጋዩም ከየማሳው እየተለቀመ ስለሆነ ገበሬውም ተጠቀመ። ከብት ሳይገባ ሲቀር ከዛፉ ሥር ያለው ችግኝም ሣሩም ቅጠሉም ነፍስ ይዘራል። ግን ልብ በሉ፣ የተቆጠረው ዛፍና ቁጥቋጦ ነው። እኛም በሥራ ዘመናችን ደን ቆጠራ ስንል ግንድ መለካት ነበር፣ ጥድ ስንት፣ ወይራ ስንት፣ ኮሶ ስንት። ከሥር ያለችውን እንሶስላን ረግጠናት ነው የምናልፈው። አሁን ሳስበው ይቆጨኛል፣ ያን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ «እዚህ ነበረች» ብዬ ጽፌ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ለዚህች ልጅ ጥያቄ የምንመልሰው ነገር ይኖረን ነበር። ስንት እንደነበር ያልታወቀ ነገር ስንት እጁ ቀነሰ ተብሎ በምን ይለካል?

በሕግ በኩል፣ አዋጅ ቁጥር 482/1998 የሚባል አለ፣ የጀነቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚመለከት፣ የውጭም ሆነ የሀገር ውስጥ ሰው ለምርምር ወይ ለንግድ ሀብቱን ሲፈልግ ፈቃድ እንዲያወጣና ሕዝቡ እንዲጠቀም የሚል ነው። እናትሽ ለእጇ ብላ ብትቆፍር የሚከለክላት አይደለም፣ መከልከልም የለበትም።

አሁን ወደ ሥራው። እንሶስላ ቀላል ተክል ነች፣ እንደዚያ እንግሊዝ አገር እንዳለው ኦርኪድ ላብራቶሪ አትፈልግም። ሥሯን ስትቆፍሩ ግንዱ የወጣበትን አናቱን ከትንሽ ሥር ጋር ቆርጣችሁ እዚያው ጉድጓድ መልሱት፣ አፈር አልብሱት፣ በዓመቱ ያቆጠቁጣል። ለጋ ግንዷም አንጓው ላይ ተቆርጦ እርጥብ አፈር ውስጥ ቢሰካ ሥር ይሰዳል። የሚያስፈልጋት ጥላና እርጥበት ነው፣ የእጅ መታጠቢያ ውሃ የሚፈስበት፣ ከእንሰት ወይ ከኮባ ሥር። በጋ ላይ ላይዋ ሲደርቅ ሞተች ብላችሁ እንዳትነቅሏት፣ ሥሯ ተኝቶ ነው፣ ዝናብ ሲገባ ትነሣለች።

ሰናይት ሊድስ

ጋሼ እድሜ ይስጥልን። ይቺን ጽሑፍዎን ለእናቴ በስልክ አነበብኩላት።

የሻጯ ልጅ

እኔ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፣ አሁን ግን መናገር አለብኝ። እናቴ እንሶስላ ትሸጥ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ላይ ከጌሾና ከእጣን ጋር መደብ ላይ ትዘረጋለች። አርብ ከሌሊቱ ተነሥተን ነው የምንቆፍረው፣ ሦስት ሰዓት እግር መንገድ ነው ጫካው። ድሮ አያቴ ጋሼ ያሉትን ነበር የምታደርገው፣ አናቱን ትመልሳለች፣ ያላበበውን አትነካም፣ «ለከርሞ ነው» ትለን ነበር። ኋላ ግን ሌሎች ሰዎች መምጣት ጀመሩ፣ የማናውቃቸው፣ በጆንያ የሚቆፍሩ። እናቴ አናቱን ስትመልስ እነሱ በማግስቱ ያንኑ ያወጡታል። እሷም መመለሱን ተወችው። ለማን ብላ ትመልስ? የምትሸጠውም እኛን ልታስተምር ነው። የባንጃዋ ጣት የማያክል ሥር ገዛሁ ያልሽው፣ እሱ የአንድ ዓመት ሥር ነው፣ ዘር ሳይጥል የወጣ።

ድንገተኛ የሚባለው የመድኃኒት ሥርም እንደዛው ነው የሆነው፣ ቀበርቾም። ሥሩ የሚሸጥ ነገር ሁሉ መጨረሻው እንደዚህ ነው፣ ቅጠል ብትሸጪ ይበቅላል፣ ሥር ከሸጥሽ ግን ተክሉን ነው የሸጥሽው። እናቴን ማንም እንዳይወቅስብኝ ነው። ከጓሮ ተተክሎ ቢሆን ኖሮ ከጓሮ ትሸጥ ነበር፣ ማንም መጥቶ እንዲህ አድርጊ ያላት የለም።

የገበሬው ልጅ

እህቴ ማንም አይወቅስም። እናትሽን አክባሪያቸው ነኝ።

የዕፅዋት ተማሪ

የሻጯ ልጅ የጻፍሽው እኔ ክፍል ውስጥ ከተማርኩት ይበልጣል። የምጠይቅሽ ነገር አለኝ ከፈቀድሽ፣ እናትሽ ድሮ የሚቆፍሩባቸው ቦታዎች ስንት ነበሩ፣ አሁን ስንቱ ላይ አለ? ጋሼ ስንት እንደነበር አልተጻፈም ያሉት ክፍተት ወረቀት ላይ ባይኖርም እናትሽ ጭንቅላት ውስጥ አለ። አምስት ስድስት አሮጊት ሻጮች ተጠይቀው ገደሉን በስም ቆጥረው «እዚህ ነበር፣ እዚህ የለም» ካሉ እሱ ራሱ መረጃ ነው፣ የሀገር ውስጥ ደረጃ ለማውጣት መነሻ ይሆናል። ስምንት ቅጽ የሆነው የኢትዮጵያና ኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ ከ1980 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ድረስ ወደ 6 ሺህ የሚጠጋ ዝርያ መዝግቧል፣ ምን እንዳለን በሱ እናውቃለን፣ እያንዳንዱ ዛሬ በየቀበሌው ስንት እንደቀረ ግን ገና ነው፣ በተለይ ዛፍ ያልሆነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ይሄን ተክል ለሳይንስ ስም ያወጣለት አሺል ሪሻር የሚባል ፈረንሳዊ ነው፣ በ1840ዎቹ፣ ፓሪስ ሆኖ። ከሰሜን ኢትዮጵያ ተክል ከሰበሰቡለት ውስጥ ሁለቱ፣ ኳርቲን ዲሎንና ፔቲ፣ እዚሁ ሀገራችን ውስጥ ሞተው ቀሩ። ቲንክቶሪያ ማለት በላቲን የቀለም፣ ማቅለሚያ ማለት ነው። ስሙ ውስጥ ያለው የእናቶቻችን ሥራ ነው።

የሻጯ ልጅ

እናቴን አሁን ጠየቅኳት። ዘጠኝ ቦታ በስም ጠራችልኝ። ሁለቱ ላይ አለ አለች፣ አንዱ ላይ እርግጠኛ አይደለችም። ስማቸውን ልጻፈው?

ሰናይት ሊድስ

ኧረ በእናትሽ እዚህ አትጻፊው! እንግሊዞቹ ያቺን አንዷን ያተረፏት በመደበቅ ነው። በጆንያ የሚቆፍር ሰው ይሄን አያነብም ብለሽ አትመኚ። ለተማሪው በውስጥ ላኪለት።

ጡረተኛው የደን ሰው

ሰናይት ልክ ብላለች። የባንጃዋ አንቺም ከላይ የገበያውን ቀንና የወንዙን ስም ጽፈሻል፣ ብታወጪው ጥሩ ነው። ለምለም የደብሩን ስም ስላልጠራሽ ደግ አደረግሽ።

የባንጃዋ

እሺ ጋሼ፣ አውጥቼዋለሁ፣ የቀረ ካለ ንገሩኝ።

ከገበያ ከገዛሁት ሥር ሦስቱ ላይ አናቱ አልተቆረጠም ነበር፣ እናቴ ልትወቅጠው ስትል ያዝኩባት። ጋሼ እንዳሉት ከኮባው ሥር የእቃ ማጠቢያው ውሃ የሚወርድበት ጋ ተከልነው፣ እናቴ መጀመሪያ «እንሶስላ ጓሮ ይተከላል እንዴ» ብላ ነበር፣ አሁን ዶሮ እንዳይጭረው እሾህ ከባበት ላይ ናት። የእህቴ ልጅ እጇን በቀሪው ተቀብታ ታስራ ተኝታለች፣ ነገ ጠዋት ስንፈታላት ፎቶ እለጥፋለሁ። የሻጯ ልጅ፣ እናትሽ ቅዳሜ አናቱ ያለበት ሥር ካገኙ ለኔ ያስቀምጡልኝ፣ ዋጋውን እጥፍ እከፍላለሁ።

የሻጯ ልጅ

እነግራታለሁ። እጥፍ ግን አትቀበልሽም፣ አውቃታለሁ።